ትኩሳት የላትም፣ ተቅማጧም ቀላል ነበር፤ ታዲያ ልጄን ለምን ሦስት ጊዜ አንቀጠቀጣት?

ንጋት (ጥያቄውን ያቀረቡት)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ባለፈው ሳምንት በቤታችን የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው ሐኪሞች ስም ቢሰጡትም ነገሩ እስካሁን በቅጡ ስላልገባኝ ነው። ልጃችን አንድ ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት አንቀጥቅጧት አያውቅም፤ በቤተሰባችንም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የለም። ሰኞ ዕለት ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ማክሰኞ ተቅማጥ ጀመራት። ሆኖም ትጠጣለች፣ ትጫወታለች፣ የሽንት ጨርቋም በየጊዜው ይርሳል፤ ስለዚህ ብዙ አልተጨነቅንም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእናቷ ጭን ላይ እንደተቀመጠች ዐይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ፣ ሰውነቷ ግትር አለ፣ ከዚያም እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ባለቤቴ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ትላለች፤ ለእኔ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የሰውነት ሙቀቷ 36.8 ዲግሪ ነበር። ከጣቷ ደም ተወስዶ ስኳሯ ታየ፤ ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ባለሙያው ከክንዷ ደም ለመቅዳት መርፌ ሲያስገባ አምርራ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ሳያበቃም ለሁለተኛ ጊዜ አንቀጠቀጣት። እዚህ ላይ አልደብቅም፤ መርፌው ያመጣው መስሎኝ በባለሙያው ላይ በሰው ፊት ጮኼበታለሁ። ዳያዜፓም ተሰጣት፤ ቆመ። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ ላይ ሳለች ለሦስተኛ ጊዜ መጣባት። ያን ጊዜ ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት በአፏ አንድ ጊዜ ተሰጣት፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ከወገቧ የተወሰደው ፈሳሽ ንጹሕ ነው፣ በደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየምም 137 ስለሆነ ጤናማ ነው ብለውናል። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሟ «ከቀላል የሆድ ሕመም ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ መጨረሻው ጥሩ ነው» አሉን።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ውሃ ከሰውነቷ ካላለቀ፣ ጨውና ስኳሯም ካልጎደለ፣ አንጎሏን ምን ነካው? ይህ ነገር የሚጥል በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል ወይ? ደግሞስ ሆዷን በታመመች ቁጥር ይህንኑ ልንጠብቅ ነው?

የመንታ እናት

እህቴም ይሁኑ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። የእኔ መንታዎች የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃናት ሳሉ በአንድ ቀን ተቅማጥ ያዛቸው፤ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ፣ በአንድ አልጋ የሚተኙ ልጆች ናቸው። ወንዱን በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ አንቀጠቀጠው፤ ሴቷን ግን ከርሱ የበለጠ ተቅማጥ ቢኖርባትም ምንም አልነካትም። እስካሁን የሚገርመኝ ይኸው ነው። አሁን ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ አልተደገመበትም፤ ዕድገቱም ከእኅቱ አይለይም።

የልጆች ሐኪም

ወንድሜ፣ ሕፃናትን የማክም ሐኪም ነኝ። ልጅዎን ስላላየኋት የምጽፈው ስለ ሕመሙ ነው፤ ስለ እርሷ የሚወስኑት ያዩዋት ሐኪሞች ናቸው። ይሁን እንጂ የገለጹት ታሪክ ለተማሪዎች ከማስረዳው ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ይህን ሁኔታ ለይቶ በጽሑፍ ያስቀመጠው ሞሮኦካ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1982 ነበር። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ከምሥራቅ እስያ፣ ቀጥሎም ከሌሎች አህጉራት ተመሳሳይ ዘገባዎች ወጥተዋል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ በተለይ በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ይበዛል። ቀድሞ ጤናማ ነበር። ሆዱን የታመመው በቀላሉ ነው፤ ከሰውነቱ የወጣው ፈሳሽ ከክብደቱ 5 በመቶ አይደርስም። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ሕመሙ በጀመረ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ደግሞ ዋነኞቹ ናቸው። የልጅዎ ረቡዕ ከዚህ ጋር ይገጥማል። አንዱ መንቀጥቀጥ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ነገር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትም ሦስትም ጊዜ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ወላጆችን ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ መደጋገሙ ነው፤ ሕመሙ እየከፋ የሄደ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ ሕመም ሁለተኛውን እንጠብቀዋለን፤ ሁለተኛው መምጣቱ ብቻውን ነገሩ መክፋቱን አያሳይም። በመንቀጥቀጦቹ መካከል ልጁ ነቅቶ ወላጆቹን ያውቃል፤ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማየው ይህንኑ ነው።

አንጎሏን ምን ነካው ላሉት፣ በአብዛኞቹ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ የሚገኙት ሮታ ቫይረስና ኖሮ ቫይረስ ናቸው። ሆኖም ከወገብ የሚወሰደው ፈሳሽ የብግነት ምልክት አያሳይም፤ ስለዚህ እንደ ማጅራት ገትር አንጎልን ወርሮ የሚያቃጥል ነገር አይደለም። ቫይረሱ የሚያመነጨው ፕሮቲን፣ ወይም ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች፣ ገና በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አንጎል ለጊዜው ያስቆጡታል የሚሉ አስተያየቶች አሉ፤ ተመራማሪዎች በአንዱ አልተስማሙም። ውሃ ማለቁ ምክንያት ቢሆን ኖሮ መንቀጥቀጡ እጅግ በደረቁት ሕፃናት ላይ ይበዛ ነበር፤ በዚህ ሕመም የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። የመንታ እናት የጻፉትም ይህንኑ ያሳያል፤ የበለጠ ያስቀመጣት ሴቷን ሆኖ ሳለ ያንቀጠቀጠው ወንዱን ነው።

ስለ ላቦራቶሪ ባለሙያው አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሕመም ወቅት ሕመም የሚሰማበት ነገርና ብርቱ ልቅሶ መንቀጥቀጡን እንደሚቀሰቅሱ በጽሑፍ ተዘግቧል። ስለዚህ መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል ማለትዎ ስሕተት አይደለም፤ ሰውየው ግን አላጠፉም፤ ደሙ መወሰድ ነበረበት። እኛ ማድረግ የምንችለው የሚያስፈልገውን ደም ሁሉ በአንድ መርፌ መቅዳትና ልጁን በእናቱ ዕቅፍ ማቆየት ነው።

ዳያዜፓም በመካሄድ ላይ ያለውን መንቀጥቀጥ ቢያስቆምም በዚህ ሕመም ቀጣዩን በመከልከል ረገድ ደካማ ነው። በአንጻሩ በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም ካርባማዜፒን በአፍ አንድ ጊዜ መስጠት በብዙ ሕፃናት ላይ ድግግሞሹን አቋርጧል። ይህን የምጽፈው በሆስፒታል የተደረገው ነገር ምክንያት እንዳለው እንዲያውቁ ነው፤ ማንም ወላጅ በቤቱ ይህን መድኃኒት እንዲሰጥ አይደለም።

የሚጥል በሽታ ይሆናል ወይ ላሉት፣ ከእነዚህ ሕፃናት ወደዚያ የሚሸጋገሩት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ዕድገታቸውም አይጎዳም። በሌላ ተቅማጥ ጊዜ የሚደገምባቸው አሉ፤ ግን አብዛኞቹ አይደሉም።

ተጠራጣሪው

ዶክተር፣ ማብራሪያዎ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ምክንያቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀን ነገር «ቀላል» ብሎ መሰየም እንዴት ይቻላል? ቀላል ከሆነስ የአንድ ዓመት ሕፃን ወገብ በመርፌ መውጋት ለምን አስፈለገ? አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን ሳያዩ ለምን ወደ ቤት ሰደዷት? ከሁለት አንዱ ልክ አይመስለኝም።

የልጆች ሐኪም

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ወላጆችም በልባቸው ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ አይጠይቁም። «ቀላል» የሚለው ስም የሚሰጠው ሌሎቹ ሁሉ ከተወገዱ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ማንም ሐኪም ሊሰጠው አይገባም። ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ሲንቀጠቀጥ በመጀመሪያ የሚታየው ስኳር ነው፤ ሲያስመልሰው የዋለና ያልበላ ትንሽ ልጅ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፣ በዚያ ላይ ምርመራው አንድ ጠብታ ደምና አንድ ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል። ቀጥሎ ሶዲየምና ካልሲየም ይታያሉ፤ ሶዲየም ሲያንስም ሲበዛም ያንቀጠቅጣል። ትኩሳት ካለ ጉዳዩ ሌላ ይሆናል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑትን የሚነካው የትኩሳት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል። ሰገራው ደም ካለበትና ትኩሳቱ ከፍ ካለ ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ይታሰባል፤ እርሱም ሕፃናትን በማንቀጥቀጥ ይታወቃል።

የወገቡን መርፌ በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገር፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ፣ ትኩሳት የሌለው፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሙሉ በሙሉ የነቃ፣ አንገቱ ያልገተረ ሕፃን ሲመጣ ብዙዎቻችን መርፌውን እንተወዋለን። ሆኖም ልጅቱ በዳያዜፓም ምክንያት እንቅልፍ ላይ ከነበረች፣ ንቃቷን መመዘን ስለማይቻል፣ በቦታው የነበሩት ሐኪም ለጥንቃቄ ማድረጋቸውን አልነቅፍም። ሲቲ ስካኑን ግን መተዋቸው ትክክል ነው። ጨረር አለው፤ በዚህ ሁኔታ የሚያሳየውም ነገር የለም። የሚያስፈልገው ልጁ ካልነቃ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ነው። ኤም አር አይ የተነሡ አንዳንድ ሕፃናት የአንጎልን ሁለት ክፍሎች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ጊዜያዊ ነጠብጣብ ታይቶባቸዋል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይጠፋል። ይህን ያነሣሁት አንዳንድ ወላጆች ያንን ወረቀት ይዘው በጭንቀት ስለሚመጡ ነው።

የሰባት ወር እናት

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ፤ ሐኪሙ «ሌሎቹ ከተወገዱ በኋላ» ባሉት ውስጥ የነበርን ነን። ልጄ የሰባት ወር ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ያዘው፤ ወተቱ ያስቀምጠዋል ብዬ አሳነስኩበት፣ በምትኩም ንጹሕ የተፈላ ውሃ በጡጦ ደጋግሜ ሰጠሁት። የቀረውንም ወተት እንዳይከብደው ብዬ አቀጠንኩት። ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ይጠጣል፣ ሽንቱም አለ። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠው፤ ግን እንደ ንጋት ልጅ በሁለት ደቂቃ አልቆመም፣ ከቆመም በኋላ አልነቃም። ሶዲየሙ 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ በተቅማጥ የሚወጣው ውሃም ጨውም ሆኖ ሳለ እኔ የተካሁለት ውሃውን ብቻ ነበር፤ የሕፃን ኩላሊት ደግሞ ትርፍ ውሃን ቶሎ አያስወጣም፤ ደሙ ሲቀጥን ውሃው ወደ አንጎሉ ሴሎች ገባ። በጨዋማ ፈሳሽ በዝግታ አስተካከሉለት፤ ዛሬ ደህና ነው።

ይህን የጻፍኩት ንጋትን ለማስጨነቅ አይደለም። ነገር ግን ይህን ውይይት ያነበበች ሌላ እናት፣ ልጇን ሲያንቀጠቅጠው «በመድረክ ላይ ቀላል ነው ብለውኛል» ብላ ቤቷ እንዳትቀመጥ ፈራሁ። ከውጭ ስታዩት የእኔ ልጅ መንቀጥቀጥና የንጋት ልጅ መንቀጥቀጥ አንድ ናቸው፤ የለያቸው የደም ምርመራው ነው።

የልጆች ሐኪም

እናቲቱ የጻፉት ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል። አንድ ብቻ ልጨምር፤ የጡት ወተትም ሆነ የሕፃኑ የዘወትር ወተት በተቅማጥ ጊዜ አይቋረጥም፣ አይቀጥንምም።

ነርስ ነኝ

የተቅማጥ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ ኦ አር ኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ ጊዜ በውሃ ተበጥብጦ ስለሚጠጣው የጨውና የግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ዱቄት ጥቂት ልጻፍ፤ ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ይፈጸማልና። በአሁኑ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት በአንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊ ሞል ሶዲየምና 75 ሚሊ ሞል ግሉኮስ ይገኛል። ግሉኮሱ የተጨመረው ለጣዕም የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ያስገባል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል፤ ይህ መንገድ በተቅማጥ ጊዜም አይዘጋም። ለዚህ ነው ልኩ መዛባት የሌለበት። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ የሚበጠብጡ ወላጆች አይቻለሁ፤ «ጠንከር ካለ ቶሎ ያድናል» ብለው ነው። ያ ሕፃን ሶዲየሙ ከልክ በላይ ይወጣል፤ እርሱም ያንቀጠቅጣል። በላዩ ላይ ስኳር ወይም ጭማቂ የሚጨምሩም አሉ፤ ተቅማጡን ያብሱታል። የፓኬቱ መጠን ሊለያይ ስለሚችል በላዩ የተጻፈውን የውሃ ልክ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ዚንክ የታዘዘለት ልጅ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ያለውን ጊዜ ይጨርሰው። በመንቀጥቀጥ ላይ ላለ ወይም ገና ላልነቃ ልጅ ግን ኦ አር ኤስም ሆነ ውሃ በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

አያት

ልጆቼ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ የማነበው በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። እኛ ስናድግ ምላሱን እንዳይነክስ በጥርሶቹ መካከል ማንኪያ ማስገባት ይባል ነበር፤ አሁንም ይደረጋል ወይ? ሁለተኛው፣ የልጅ ልጄ ትውከት ሲበዛበት የማስታወክ ማስቆሚያ ጠብታ ከተሰጠው በኋላ አንገቱ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ዐይኑም ወደ ላይ ቀረ፤ ነገር ግን ስጠራው ይሰማኛል፣ ያለቅሳል። እኛ መንቀጥቀጥ ነው ብለን ሮጠን ነበር፤ በሆስፒታል መርፌ ከተሰጠው በኋላ ወዲያው ቀና አለ። ይህም ከዚሁ ይቆጠራል?

የልጆች ሐኪም

እናቴ፣ ማንኪያው ይቅር። ምላስ የተነከሰ እንደሆነ ይድናል፤ በግድ የገባ ማንኪያ ግን ጥርስ ይሰብራል፣ አፍ ያቆስላል፣ ትንፋሽም ይዘጋል። ልጁን መሬት ላይ ወይም ከማይወድቅበት ቦታ በጎኑ ማስተኛት፣ የአንገቱን ልብስ ማላላት፣ እጅና እግሩን አለመጨበጥ፣ ሰዓት መመልከት፤ አጠገብ ሌላ ሰው ካለ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጸው። ቪዲዮው ለእኛ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥብናል። አምስት ደቂቃ ካለፈው አስቸኳይ ነው፤ ካላለፈው ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት ልጅ ሁሉ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

የልጅ ልጅዎ ታሪክ ሌላ ነው። ሜቶክሎፕራማይድን የመሰሉ የትውከት ማስቆሚያ መድኃኒቶች በሕፃናት ላይ የአንገትና የዐይን ጡንቻን ያኮማትራሉ፤ ልጁ ግን አእምሮውን አይስትም። ጠርተውት መስማቱን ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚለየው እርሱ ነውና። የመድኃኒቱን ስም በልጁ ካርድ ላይ ያስጽፉለት፤ ዳግመኛም እንዳይሰጠው።

ንጋት

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ በኋላ የሆነ ነገር አለ። በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎሏ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በኢ.ኢ.ጂ. ተመዝግቦ ነበር፤ ውጤቱን ይዘን ወደ ሌላ የግል ክሊኒክ ሄድን፤ እዚያ ያሉት ሐኪም «ሞገዱ ዝግ ያለ ነው» ብለው በየቀኑ የሚወሰድ የመንቀጥቀጥ መከላከያ መድኃኒት ለሁለት ዓመት አዘዙላት። መድኃኒቱን ገዝቼዋለሁ፤ እስካሁን አልጀመርኩላትም። ባለቤቴ ትጀምር ትላለች፤ እኔ እያመነታሁ ነው።

የልጆች ሐኪም

ውጤቱን ሳላየው «አትጀምሩ» ማለት አልችልም። ልነግርዎ የምችለው ይህን ነው። መንቀጥቀጥ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በተለይ ከዳያዜፓም በኋላ፣ የሚወሰድ ኢ.ኢ.ጂ. ያልተለመደ ነገር ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው፤ አንጎሉም መድኃኒቱም ገና አልረጉም። ከሳምንታት በኋላ ሲደገም አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይገኛል። ከቀላል የሆድ ሕመም ጋር ለመጣ መንቀጥቀጥ በየቀኑ የሚወሰድ የረጅም ጊዜ መድኃኒት በጥቅሉ አያስፈልግም፤ መድኃኒቶቹ ደግሞ ድብታ፣ የጠባይ መለወጥና ሽፍታን የመሳሰሉ የራሳቸው ጉዳት አላቸው። ስለዚህ ወደ ያዘዙት ሐኪም ተመልሰው ሁለት ነገር ይጠይቁ። መንቀጥቀጡ ከተቅማጥ ጋር መምጣቱን፣ የደምና የወገብ ፈሳሽ ውጤቷንም አይተዋል ወይ? ኢ.ኢ.ጂ.ው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተደግሞ እስኪታይ መቆየት ይቻላል ወይ? የሆስፒታሉን ወረቀት ሳያዩ ያዘዙ ከሆነ፣ ሲያዩ ሐሳባቸውን ቢለውጡ አይደንቀኝም። ካልተስማሙ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ይዳኝ። የባለቤትዎ ፍርሃትም ተገቢ ነው፤ ይህን ውሳኔ አብራችሁ ሄዳችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ተጠራጣሪው

ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ የፊቱን ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። አንድ ቀሪ ጥያቄ ግን አለኝ፤ የሮታ ክትባት ይህን ይከላከላል ወይ?

ነርስ ነኝ

በከፊል። ክትባቱ በአፍ የሚሰጥ ሲሆን የሚሰጠውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከባዱን የሮታ ተቅማጥ በመቀነስ የታወቀ ነው፤ ሮታ ከሚያመጣው መንቀጥቀጥ ድርሻውን ይቀንሳል ማለት ነው። በኖሮ ቫይረስ ላይ ግን አይሠራም።

የመንታ እናት

ንጋት፣ የሰገራ ምርመራው ውጤት መጣ ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ካለ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ንጋት

መጥቷል፤ ኖሮ ቫይረስ ነው ተባለ። የአራት ዓመት ወንድም አላት፤ ትናንት እርሱንም አስመለሰው። ከትናንት ጀምሮ በአልኮል ጄል እጃችንን እያጸዳን ነው፤ ሌላ የምናደርገው ነገር አለ?

ነርስ ነኝ

አልኮል ጄል በኖሮ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው፤ በእርሱ አይተማመኑ። የሽንት ጨርቅ ከቀየሩ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙናና በሚፈስ ውሃ በደንብ አሽቶ መታጠብ ይበልጣል። ትውከት ወይም ሰገራ የነካውን ወለል በክሎሪን በረኪና ያጽዱ፤ ጨርቁን በሙቅ ውሃ ይጠቡ። ተቅማጡ ከቆመ በኋላም ቫይረሱ ለሳምንታት በሰገራ ሊወጣ ስለሚችል እጅ መታጠቡ ቶሎ አይተው። ወንድሟ በአራት ዓመቱ ይህ መንቀጥቀጥ ከሚበዛበት ዕድሜ አልፏል፤ ሆኖም ኦ አር ኤሱን በልኩ ይስጡት፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ሽንት ካልሸና፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ካደነዘዘው ሳይውል ሳያድር ይውሰዱት።

ንጋት

የወንድሟ ተቅማጥ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሌሊቱን ሁለታችንም ተራ እየገባን ስናየው አደርን፤ ምንም አልሆነም፤ አሁን ከእኅቱ ጋር እየተጣላ ነው። ትናንት ለደም ምርመራ ቀጠሮ ስንመለስ የላቦራቶሪ ባለሙያውን አገኘሁት፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ልጅቱን እናቷ እንድታቅፋት ነግሮን በአንድ መርፌ ጨረሰ። አለቀሰች፤ አልተንቀጠቀጠችም። ክሊኒኩ ያዘዘውን መድኃኒት ገና አልከፈትነውም፤ ቀጠሯችን ለማክሰኞ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር እንሄዳለን።